እጄ ነው ወይስ ጆይስቲኩ?

ጥያቄው የመጣው ከሸዋ ሮቢት ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ሰላም ነው? ዱባይ ያለችው እህቴ ጆይስቲክ ላከችልኝ። የሶኒም የማይክሮሶፍትም አይደለም፣ ሌላ ድርጅት የሠራው ነው። ከጀርባው አራት ቁልፍ አለው። አናሎጉ፣ ማለትም በአውራ ጣት የሚገፋው ዘንግ፣ ይነቀላል፣ በረጅምና በአጭር ይቀየራል። ሁሉ ነገሩ በስልክ አፕ ይስተካከላል። ቤት በኮምፒውተር ኤፍሲ የሚባለውን የእግር ኳስ ጌም እጫወትበታለሁ። ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ ጌም ቤት በፒኤስ 4 እጫወታለሁ። ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ እጄ ግን እምቢ አለ። ድሮ የማሸንፈው ታናሽ ወንድሜ አሁን አራትና አምስት ያገባብኛል። በየማታው ሴቲንጉን እቀያይራለሁ፣ ለውጥ የለም። የቀኝ አውራ ጣቴንም ያመኛል። ልሽጠው ወይስ ልታገሥ? ችግሩ እጄ ነው ወይስ ጆይስቲኩ?»

ወንድሜ፣ አትሽጠው። ገና ነው።

እዚህ ደብረ ብርሃን ጆይስቲክ መጠገን ከጀመርኩ 12 ዓመት አልፎኛል። ያንተን ዓይነት ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ልጆች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ «ተበላሽቷል» ብለው ነው የሚያመጡት። ከፍቼ ሳየው ጤነኛ ነው። እጃቸውም ጤነኛ ነው። የተበላሸው በሁለቱ መሀል ያለው ነገር ነው።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ነገሩ ያለው «በየማታው ሴቲንጉን እቀያይራለሁ» ያልክበት ቦታ ነው። እጅ አንድን ነገር የሚለምደው ነገሩ ከቦታው ካልተነቃነቀ ነው። አንተ ግን ትናንት የተማርከውን ዛሬ ማታ ታፈርስበታለህ። ጠዋት ሲነሣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ሁለት ሳምንት ተለማመድኩ ትላለህ። እጅህ ግን አሥራ አራት የተለያዩ ጆይስቲኮችን አንድ አንድ ቀን ነው የያዘው።

ያንን ሳትጨምር ደግሞ ለውጡ ራሱ ብዙ ነው። የድሮው የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክህ ሁለቱም አናሎጎች ታች ጎን ለጎን ናቸው። የአዲሱ የግራ አናሎግ ከፍ ብሎ ከላይ ነው፣ የአቅጣጫው መስቀል ታች ወርዷል። ክብደቱ ይለያል። የአናሎጉ ስፕሪንግ ይጠነክራል ወይ ይላላል። በጠቋሚ ጣት የሚጫኑት የኤልቱና የአርቱ ጉዞ ይለያል። በፊት ያለ ሥራ ጀርባውን ደግፈው የያዙት ጣቶችህ አሁን አራት ቁልፍ ላይ ተቀምጠዋል። ይኼ ሁሉ በአንድ ቀን ነው የመጣብህ።

አባቴ መንዝ ውስጥ ገበሬ ነበር። ማረሻው ሲያልቅ ማረሻውን ብቻ ይለውጣል። ሞፈሩም እርፉም የድሮው ነው። እርፉ ሲሰበር ደግሞ እርፉን ብቻ። ሁሉንም አዲስ አድርጎ በአንድ ጠዋት እርሻ ሲወርድ አይቼው አላውቅም። አንዱ ብቻ ሲለወጥ፣ ሥራው ካስቸገረው የቱ እንዳስቸገረው ወዲያው ያውቃል። ላንተም የምመክርህ ይህንኑ ነው። ሁሉንም ወደ ድሮው መልስ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ለውጥ።

ግን ከሁሉ በፊት ዕቃውን እንፈትሽ። ይህን የምለው ራሴ በዚህ አንድ ወር ስላቃጠልኩ ነው። አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ ያገለገለ፣ የጀርባ ቁልፍ ያለው ጆይስቲክ ገዝቼ ነበር። የግራው የጀርባ ቁልፍ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይዘላል። እኔ ጣቴ ነው ብዬ አንድ ወር ሙሉ ጣቴን ቀጣሁት። በመጨረሻ ስከፍተው ቁልፉን ከቦርዱ የሚያገናኘው ቀጭን ሪባን ግማሹ ተቆርጧል። ባለ ሙያ ነኝ እያልኩ መጀመሪያ ዕቃውን አላየሁትም። አንተ እንዲህ አታድርግ።

ፍተሻው ቀላል ነው። ኮምፒውተርህ ዊንዶውስ ከሆነ፣ የጌም ጆይስቲኮችን የሚያሳይና የሚያስተካክል ገጽ አለው። እዚያ ውስጥ መሞከሪያውን ክፈት። ካሬ ሳጥን ውስጥ ትንሽ የመደመር ምልክት ታያለህ። እሷ የግራ አናሎግህ ናት። እጅህን ከአናሎጉ ላይ አንሣና ተመልከት። መሀል ላይ ጸጥ ብላ ከቆመች ደህና ነው። ብቻዋን ወደ አንድ ጎን ከሄደች ግን አናሎጉ ድሪፍት አለው፣ ወይም መሀሉን እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። ይህን ማስተካከያ ብዙዎቹ ጆይስቲኮች በአፑ ውስጥ ወይም በቁልፎች ጥምረት ይሰጣሉ፣ ከካርቶኑ ውስጥ ያለችው ወረቀት ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ከዚያ አናሎጉን ዳር ዳሩን ቀስ ብለህ አዙር። የመደመር ምልክቷ አራቱንም ጎን መንካት አለባት። ከዚያ እያንዳንዱን ቁልፍ ሃያ ሃያ ጊዜ ተጫን። አንድም መዝለል የለበትም። ለጀርባ ቁልፎቹ ይህን ስታደርግ አስቀድመህ በአፑ የሆነ ቁልፍ ስጣቸው። ባዶ ከሆኑ ምንም አያሳዩህም።

ቀጥሎ ሞዱን እይ። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ጆይስቲኮች ለኮምፒውተር፣ ለስልክና ለኒንቴንዶ ስዊች የተለያየ ሞድ አላቸው። ለምሳሌ ኤይትቢትዱ ፕሮ 2 የሚባለው ጀርባው ላይ ኤስ፣ ኤ፣ ዲ እና ኤክስ የሚሉ አራት ፊደሎች ያሏት ማንሸራተቻ አለችው። ኤስ ለስዊች ነው፣ ኤ ለአፕል፣ ዲ ለአንድሮይድ፣ ኤክስ ለዊንዶውስ። በኤስ ላይ ትተኸው ኮምፒውተር ላይ ብትጫወት ቁልፎቹ ቦታ ተለዋውጠው ልታገኛቸው ትችላለህ። ማሳለፍ ፈልገህ ኳሷ ወደ ግብ የምትመታው አንዳንዴ በዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ፊደል ካነሣን አንድ ብዙ ሰው የሚያምታታ ነገር አለ። ኤክስ። ሶኒ ላይ ኤክስ ታች ነው። ማይክሮሶፍት ላይ ኤክስ ግራ ነው። ኒንቴንዶ ላይ ደግሞ ከላይ ነው። ሦስት ኤክስ፣ ሦስት ቦታ። አንተ በፕሌይስቴሽን ያደግህ ልጅ ስለሆንክ አንጎልህ «ኤክስ» ሲባል ጣትህን ወደ ታች ይልካል። አዲሱ ላይ ግን ታች ያለው ኤ ነው። ስለዚህ ፊደሎቹን ተዋቸው። በቦታ ተማር። ታች ማሳለፊያ፣ ቀኝ መምቻ፣ ግራ ማሻገሪያ፣ ላይ በክፍተት ማሳለፊያ። ሴቲንግ ውስጥ የቁልፎቹን ሥዕል ወደ ፕሌይስቴሽን መለወጥ የሚቻል ከሆነ ለውጠው። ኤልቱና ከእሱ በላይ ያለው ኤልዋንም ባንተው ላይ ኤልቲና ኤልቢ ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ፣ ቦታቸው ግን ያው ነው። እኔም ከዚህ በታች አንተ በምታውቃቸው ስሞች ነው የምጠራቸው።

ሦስተኛው ገመድ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በገመድ ብቻ ተጫወት። ብሉቱዝ ከዋይፋይና ከሌሎች ስልኮች ጋር በአንድ የሞገድ ክልል ስለሚጋፋ አልፎ አልፎ ይንተፋተፋል። መቼ እንደሚንተፋተፍ ደግሞ አታውቅም። እጅህ በሚማርበት ጊዜ ይህን ዓይነት ጥርጣሬ አያስፈልገውም። ካርቶኑ ላይ «በሰከንድ 1000 ጊዜ» የሚል ነገር ካየህ አይግረምህ፣ ከሌለውም አይክፋህ። በሰከንድ 125 ጊዜ የሚልክ ጆይስቲክ በየ8 ሚሊሰከንዱ ይልካል። 1000 ጊዜ የሚልከው በየ1 ሚሊሰከንዱ ነው። ጌሙ በሰከንድ 60 ምስል ሲያሳይ ግን አንዱ ምስል ወደ 17 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ለአንተ ልምምድ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝተህ ከሆነ የቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ አብራ። ቴሌቪዥን ምስሉን ሲያሳምር የሚያዘገየው ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

ዕቃው ጤነኛ ከሆነ አሁን ወደ እጅህ እንምጣ።

አፑን ክፈትና ሁሉንም ወደ ፋብሪካው መልስ። የጀርባ ቁልፎቹን ባዶ አድርጋቸው። የሚነቀሉ ከሆኑ ንቀላቸውና ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጣቸው። የኤልቱንና የአርቱን ጉዞ የሚያሳጥር መቆለፊያ ካለው ክፈተው። አጫጭሮቹን አናሎጎች ግጠም። አሁን በእጅህ ያለው ተራ ጆይስቲክ ነው። ቅርጹ ብቻ ነው አዲስ የሆነው። በዚህ ስድስት ቀን ተጫወት። ምንም አትንካ።

በእነዚህ ስድስት ቀናት እጅህ የሚማረው ዋናው ነገር የግራ አውራ ጣት አቀማመጥ ነው። በድሮው ላይ አውራ ጣትህ ወደ ውስጥና ወደ ታች ተዘርግቶ ነበር አናሎጉን የሚያገኘው። አሁን እጀታውን ስትጨብጥ ጣትህ በተፈጥሮው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው ያለው። በጊዜ ሂደት ምቹ ነው። መጀመሪያ ላይ ግን ጣትህ የድሮውን ቦታ ፍለጋ ወርዶ የአቅጣጫውን መስቀል ይጫናል። በኤፍሲ መስቀሉ የቡድኑን ታክቲክ ስለሚቀይር ተከላካዮችህ ሳታስበው ወደ ፊት ሲወጡ ታያለህ። ወንድምህ አራትና አምስት ካገባብህ አንዱ ምክንያት ይኼ ሊሆን ይችላል።

ግጥሚያ ብቻ አትጫወት። ባዶ ሜዳው ላይ ግባ። ጌሙ ውስጥ ተከላካይ የሌለበት መለማመጃ አለ። አሥር ደቂቃ ኳስ ብቻ ንዳ። ስምንት ቁጥር እየሠራህ ዙር። ከዚያ ወንድምህን አጠገብህ አስቀምጠው፣ አንተ ዓይንህን ጨፍን። እሱ «አርዋን»፣ «ላይ»፣ «ኤልቱ» እያለ ይጥራልህ፣ አንተ ተጫን። ትክክል መሆንህን በመሞከሪያው ገጽ ላይ እሱ ያያል። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ልጆቹን ሱቄ ውስጥ ይህን ሳስደርጋቸው መጀመሪያ ይሥቃሉ። በሦስተኛው ቀን ግን ጣታቸው ሳይፈልግ ሲያገኝ ራሳቸው ይደነቃሉ።

ጊዜውን አሳጥረው። አራት ሰዓት በአንድ ሌሊት ከመጫወት ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት ይሻላል። እጅ የተማረውን የሚያጸናው በእረፍትና በእንቅልፍ ነው። ማታ እምቢ ያለህ ነገር ጠዋት ሲሳካ ታያለህ። ደክሞህ ስትጫወት ግን የምትለማመደው ስሕተቱን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፣ በጣትም እንዲሁ ነው።

ስለ አውራ ጣትህ ሕመም። ይህን አቅልለህ አትየው። ሁለት ቀን ሙሉ ጆይስቲክ አትንካ። ከዚያ ስትመለስ አያያዝህን ተመልከት። አዲስ ነገር ስንይዝ ሁላችንም አጥብቀን እንጨብጣለን። እጀታው በመዳፍህ ላይ ይረፍ፣ ክርንህ ጭንህ ላይ ይደገፍ። ጣቶችህ ነፃ ይሁኑ። ጎል ሲቆጠርብህ ትከሻህ ወደ ላይ እንደሚወጣ ልብ በል፣ አውርደው። ሁለት ሳምንት በዚህ መልክ ይዘህ ሕመሙ ካልለቀቀህ፣ ወይም ጣትህ ከደነዘዘ፣ ጤና ጣቢያ ሂድ። ያኔ የጆይስቲኩ ስፋት ለእጅህ አይሆንም ማለትም ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ሽጠው፣ ምንም ነውር የለውም። እህትህም ትረዳሃለች።

ሸዋ ሮቢት መሆንህ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። እኛ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነን። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ጣት ይቆረፍዳል። ልጆቹን የሻይ ብርጭቆ አቅፈው እንዲጀምሩ ነው የምነግራቸው። የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናን ወርዶ አንተ ጋ ሲደረስ ግን ችግሩ ላብ ነው። ላብ ያንሸራትታል። ሲያንሸራትት አጥብቀህ ትጨብጣለህ። አጥብቀህ ስትጨብጥ የጀርባ ቁልፎቹ ሳትፈልግ ይጫናሉ። ስለዚህ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አጠገብህ ይኑር፣ በየግማሹ እጅህንም እጀታውንም ጥረግ። ጎማው ላይ አልኮልና ሽቶ አታድርግ፣ ይለሰልስና ይጣበቃል። በቆርቆሮ ሥር በጠራራ ፀሐይ ባትሪውን እየሞላህ ትተኸው አትሂድ፣ የሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም።

በሰባተኛው ቀን የመጀመሪያውን የጀርባ ቁልፍ ግጠም። አንድ ብቻ። ምን ትሰጠዋለህ? እዚህ ላይ ረጋ ብለን እናስብ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የጀርባ ቁልፍ የተፈለገው ጣት ከያዘው ሥራ ሳይነሣ ሌላ ሥራ እንዲጨመር ነው። በተኩስ ጌሞች መዝለያውንና መጎንበሻውን ወደ ጀርባ ያወርዱታል። የቀኝ አውራ ጣት ማነጣጠሪያው አናሎግ ላይ እንደተቀመጠ ይቆያል። ያ ግልጽ ነው። ኤፍሲ ላይ ግን እነዚያ ሰዎች ያደረጉትን ብትገለብጥ አይሠራም። ስትከላከል ጠቋሚ ጣትህ ምን እንደሚያደርግ እይ። ኤልቱን ይዞ ተጫዋቹን ፊት ለፊት ይገጥማል። ተጫዋች ለመቀየር ደግሞ ያው ጣት ኤልቱን ለቆ ኤልዋን ላይ ይወጣል። በዚያች ቅጽበት ተከላካይህ ይላላል፣ አጥቂው ያልፋል። ስለዚህ ለግራው የጀርባ ቁልፍ ኤልዋንን ስጠው። ጠቋሚው ከኤልቱ አይነሣም፣ ቀያሪው መሀል ጣት ይሆናል።

ብታስበው ሌላም ጥቅም አለው። በስሕተት ብትጫነው ጉዳቱ ቀላል ነው። ተጫዋች ይቀየራል፣ መልሰህ ትቀይራለህ። መምቻውን ወይም በመንሸራተት የሚነጥቀውን ለጀርባ ብትሰጠው ግን አንድ ድንጋጤ ጎል ወይም ቀይ ካርድ ነው። ለጀማሪ ጣት የሚያጠፋ ነገር አይሰጥም።

ሌላው ጥሩ ነገር፣ በአብዛኞቹ ጆይስቲኮች የጀርባ ቁልፍ የፊተኛውን ይደግማል እንጂ አይሽረውም። ላይ ያለው ኤልዋን እንደነበረ ይሠራል። ይህ ለአንተ በተለይ ይጠቅምሃል፣ ምክንያቱም ጌም ቤት ስትሄድ የምታገኘው የጀርባ ቁልፍ የሌለው ተራ ጆይስቲክ ነው። የራሴን ይዤ ልሂድ ካልክ፣ ፒኤስ 4 ለኮምፒውተር የተሠራን ጆይስቲክ እንዲሁ አይቀበልም፣ መሀል የሚገባ አዳፕተር ይፈልጋል። ፒኤስ 5 ከዚያ የባሰ ነው። የሶኒን የራሱን የፒኤስ 4 ጆይስቲክ እንኳ ለፒኤስ 5 ጌሞች አይቀበልም። ኤክስቦክስም ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፈቃድ የሌላቸውን ዘግቷል። ስለዚህ ከጓደኞችህ ጋር ተነጋገርና ሁለት ዓርብና ሁለት ቅዳሜ ጌም ቤቱን ዝለል። እየተማረ ያለ እጅ በሁለት ጆይስቲክ መሀል ሲመላለስ ይወዛገባል። አንዴ ከጸና በኋላ ግን ሁለቱንም ይችላል። አማርኛም ኦሮምኛም እየተናገሩ ያደጉ የአካባቢያችን ልጆች ቋንቋ እንደማይቀላቅሉት ማለት ነው።

አንድ ደብተር ያዝ። ያሸነፍከውንና የተሸነፍከውን አትጻፍ። የምትጽፈው በአንድ ግጥሚያ ስንት ጊዜ ሳትፈልግ ቁልፍ እንደተጫንክ ነው። መጀመሪያ አሥርም አሥራ አምስትም ሊሆን ይችላል። በተከታታይ ሦስት ግጥሚያ ሁለትና ከዚያ በታች ሲሆን የሚቀጥለውን ለውጥ አድርግ። ካልሆነ ቆይ። ቀኑን እኔ አልነግርህም፣ ደብተሩ ይነግርሃል።

የሚቀጥለው ለውጥ የቀኙ የጀርባ ቁልፍ ነው። አርዋንን ስጠው። በዚህኛውም ምክንያቱ ያው ነው፣ ጠቋሚህ መሮጫው አርቱ ላይ እንደያዘ ሁለተኛ ተከላካይ ትጠራለህ። ስታጠቃ ደግሞ እየሮጥክ ለተጠማዘዘው ምት ዝግጁ ነህ። የቀሩትን ሁለት ቁልፎች ባዶ ተዋቸው። ለእግር ኳስ ሁለት ይበቃል ብዬ አምናለሁ። አራት ስላሉ አራቱም መሞላት አለባቸው የሚል ሕግ የለም።

ይህን ስል የማስታውሰው አንድ ደንበኛዬን ነው። አናጢ ነው። የቀኝ ጠቋሚ ጣቱን መጋዝ ወስዶበታል። አርቱን መጫን ስለማይችል ጌም ትቶ ነበር። የጀርባ ቁልፍ ያለው ጆይስቲክ አግኝቶ አመጣልኝ፣ አርቱን ወደ ቀኙ ጀርባ አወረድንለት። ሌላ ምንም አልነካንም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው እንደ ድሮው ይጫወት ጀመር። ካየኋቸው ሁሉ ቶሎ የለመደ እሱ ነው። የለወጠው የሚያስፈልገውን አንድ ነገር ብቻ ነበርና።

ለነገሩ እነዚህ ቁልፎች በተራው ጆይስቲክ ላይ ለረጅም ጊዜ ያልታዩት ሐሳቡ ባለቤት ስለነበረው ነው። ስካፍ የሚባለው ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ተመሠረተና የጀርባ ቁልፍን በፓተንት ያዘ። ማይክሮሶፍት በ2015 ኤሊት የተባለውን ጆይስቲክ ሲያወጣ ከእነሱ ፈቃድ ወስዶ ነው። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ግን በዚሁ ጉዳይ ተከስሶ በ2021 የአሜሪካ ፍርድ ቤት 4 ሚሊዮን ዶላር ፈርዶበታል። ሶኒ ሁለት የጀርባ ቁልፍ ያለውን ዱዋልሴንስ ኤጅን ያወጣው በ2023 ነው። እህትህ የላከችልህ ዓይነት፣ ዋጋው ለብዙ ሰው የሚደረስ ጆይስቲክ የበዛው በቅርብ ዓመታት ነው።

አሁን ወደ አናሎጉ ሴቲንግ እንምጣ፣ በየማታው ስትነካካው የከረምከው እሱን ሳይሆን አይቀርም። ዴድዞን የሚባለው አናሎጉ ትንሽ ቢነቃነቅም ጌሙ እንዳልሰማ የሚያልፈው የመሀል ክልል ነው። ሲበዛ ጣትህ ይንቀሳቀሳል፣ ተጫዋቹ ይዘገያል። ሲያንስ ተጫዋቹ ሳትነካው ይንቀዠቀዣል። ልብ በል፣ ዴድዞን በአፑም አለ፣ በጌሙ ሴቲንግም ሊኖር ይችላል። ሁለቱንም ከፍ ካደረግህ ይደማመራሉ። አንዱን ብቻ ተጠቀም። አፑ ላይ ከ5 ጀምር። እየነዳህ ሳትነካው የሚሄድ ከሆነ አንድ አንድ ጨምር። ጸጥ ያለበት ላይ አቁም። ከዚያ እርሳው።

ትንሽ ቁጥር የሚበቃህ አናሎግህ የሆል ዓይነት ከሆነ ነው። ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። የቆየው ዓይነት አናሎግ ውስጥ አንዲት የብረት ምላስ የካርቦን ንጣፍ ላይ እየተሳበች ነው ቦታውን የምትናገረው። በሄደ ቁጥር ንጣፉ ይበላል። ሱቄ የሚመጣው ድሪፍት አብዛኛው ይህ ነው። የሆል አናሎግ ግን በማግኔት ነው የሚሠራው፣ ምንም ነገር አይፋተግም። ኤድዊን ሆል የሚባል ሰው ክስተቱን ያገኘው በ1879 እ.ኤ.አ. ነው። ሴጋ በ1998 ባወጣው ድሪምካስት ላይ ተጠቅሞበታል። ከዚያ ተረስቶ ቆይቶ፣ አሁን ሌሎች ድርጅቶች በሚሠሯቸው ጆይስቲኮች ላይ በሰፊው ተመልሷል። ስፕሪንጉና ፕላስቲኩ ግን አሁንም ያልቃሉ። «አይበላሽም» ያለህ ሰው ካለ አትመነው።

ረጃጅሞቹን አናሎጎች ለእግር ኳስ አልመክርህም። ረጅም አናሎግ ጣትህ ብዙ እንዲጓዝ ያደርገዋል። ጥቂት ዲግሪ ለማነጣጠር ለተኩስ ጌም ይመቻል። ኳስ ስትነዳ ግን ቶሎ መታጠፍ ነው የምትፈልገው። ከርቭ የሚባለውንም፣ ማለትም አናሎጉ በተገፋ መጠን ጌሙ ምን ያህል እንደሚመልስ የሚወስነውን፣ ቀጥታ መስመር ላይ ተወው። የኤልቱና የአርቱን መቆለፊያ ለመሞከር ከፈለግህ ከወር በኋላ ሞክረው። ጉዞውን ያሳጥራል፣ ጣት ያሳርፋል። የመኪና ጌም ስትጫወት ግን ክፈተው፣ ነዳጅና ፍሬን በልክ መጫን ትፈልጋለህ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? በሱቄ ካየሁት፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት ከድሮው ትብሳለህ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ወደ ድሮህ ትጠጋለህ። የጀርባ ቁልፉ ጥቅም የሚሰማህ ከወር አካባቢ ጀምሮ ነው። አንድ ቀን ሳታስበው መሀል ጣትህ ተጫዋች ይቀይራል። ያንን ቀን ወዲያው ታውቀዋለህ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጆይስቲክህ ሦስት ወይም አራት ፕሮፋይል፣ ማለትም ለየብቻ የተቀመጠ ሴቲንግ፣ የሚይዝ ይመስለኛል፣ የዚህ ዓይነቶቹ አብዛኞቹ ይይዛሉ። ይህን የምንሠራውን አንደኛው ላይ አስቀምጥ። በደብተርህም ቁጥሮቹን ጻፋቸው፣ አፑ ሲታደስ አንዳንዴ ይጠፋሉ። እጅህ ካሳከከህና መቀያየር ካማረህ በሦስተኛው ላይ ቀያይር፣ አንደኛውን አትንካ። ሁለተኛውን ለታናሽ ወንድምህ አድርግለት። ዓይንህን ጨፍነህ ስትለማመድ ሲጠራልህ ከርሞ እሱም መያዙ አይቀርም።